የፋቅኩት ቁጥር

መጋቢት 19

መኪናዋ ገባች። ሁለት ቀን ሙሉ ነዳሁ፣ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ወጥቶ አየ። ባለሱቋ፣ "ጋሼ፣ በስተርጅና ደግሞ ባለመኪና?" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ መሰለኝ፣ ጉንጬን አመመኝ።

አሮጌ ናት። ነጭ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ አራቱም እግሯ የሚጎትት። ሻጩ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው፤ ቁልፉን ሲሰጠኝ ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገ። "ወንዝ አትፈራም" አለኝ። እኔስ ሌላ ምን ፈልጌ...

የተገዛችው ከሌላ ክልል ስለሆነ እዚህ ተመርምራ አዲስ ሰሌዳ ማውጣት አለባት። እስከዚያ ጊዜያዊ ሰሌዳ ተለጥፎባታል። ቀላል ነገር ነው ብለውኛል።

ልጄ ጋ ደወልኩ። "አባዬ! የእውነት ገዛህ?" ስትል ድምጿ ቁርጥ እናቷ። 

መጋቢት 20

ለምን እንደገዛሁ ልጻፈው። ነገ ሰው ሞኝ ሲለኝ እኔም ሞኝ ነኝ ብዬ እንዳላምን።

ባለቤቴ የታመመችው ልጃችን ጋ ሄዳ ነው። ልጄ የምታስተምርበት መንደር ከወንዙ ባሻገር ነው፣ ድልድይ የለውም። ክረምት ነበር። ሚኒባስ ወንዙን አይሻገርም፣ የጭነት መኪናውም ፈራ። እስከ ዳር ድረስ በብርድ ልብስ ተሸክመው አምጥተዋት ነበር። እኔ ከወዲህ ቆሜያለሁ። ፊቷ አይታየኝም፣ ብርድ ልብሱ ግን ይታየኛል... ቡናማ። ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ውሃው ጎደለ። እሷ አልጠበቀችም።

አሁን ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያዋ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው ያሏት። ትምህርት ሳይዘጋ አልወርድም ትላለች፣ የእናቷ ልጅ አይደለች! በጭነት መኪና ላይ እንዳትወጪ፣ ሆድሽን ይዘሽ እህል ላይ ተቀምጠሽ አትንገጫገጪ፣ እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ጠብቂኝ አልኳት። "እሺ አባዬ፣ እጠብቅሃለሁ።"

አምላኬ ሆይ፣ ይቺን አንዲት ነገር። ሌላ አልለምንህም።

መጋቢት 27

ዛሬ ካርቶን አንጥፌ ሥሯ ገባሁ። ውይ! ከላይ ሙሽራ፣ ከሥር ዝገት በዝገት። እንዲህ ሆና ምርመራ ትግባ? ዕድሜዬን ሙሉ የብረት በርና መስኮት ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝገት ካየሁ እጄ አያርፍም። ባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ዝገት ካየህ ምሳህን ትረሳለህ" ትለኝ ነበር።

ዛሬም ረሳሁ።

ሚያዝያ 2

ጨረስኩ። በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ፀረ ዝገት ቀባሁ፣ ከላይ ጥቁር ደረብኩበት። ከፊት በቀኝ ጎማ አጠገብ ሻንሲውን፣ ወፍራሙን የሥር ብረት፣ ዝገት ክፉኛ በልቶት ነበር፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ሠርቶ። ዓይኔ ደክሟል፣ ቅባትና አቧራ ይረግፍብኛል፣ እጄ ግን ያውቀዋል። እሱን ጠበቅ አድርጌ አሸሁት። የቀረውን ጉድጓድ ስቱኮ ሞላሁበትና ቀባሁት። አሁን ጣት ሲሄድበት እንደ ብርጭቆ ያንሸራትታል።

ከኋላ ወንበሩን አጥፌ ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍኩ። ልጄ እግሯን ዘርግታ ትመጣለች።

ማታ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ጉልበቴ ላይ ቀለም ነበር።

ሚያዝያ 9

ምን ብዬ ልጻፍ...

ፍሬኑ አለፈ። መብራቱ አለፈ። ፍሬቻው፣ ክላክሱ፣ ጎማው፣ ሁሉም። መርማሪዋ ወጣት ናት፣ ትሑት። የእጅ ባትሪ ይዛ በቀኝ ጎማው በኩል በርከክ አለች። ቆየች። በጣም ቆየች።

"አባባ፣ የሻንሲ ቁጥሩ የት አለ?"

"ሊብሬው ላይ አለ፣ የኔ ልጅ።"

"ሊብሬው ላይማ አለ። ብረቱ ላይ ያለውን ነው የምልዎት።"

ለካ እያንዳንዱ መኪና ሻንሲው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው። እንደ መታወቂያ። እሱ ከሊብሬው ጋር መግጠም አለበት። በር ቀቢ ነኝ፣ በር ቁጥር የለው... ከየት ልወቀው?

በጥፍሯ ቀለሙን ጫር አደረገችው። ስቱኮዬ እንደ ዱቄት ረገፈ። ከሥሩ ግማሽ ግማሽ ቁጥር ወጣ። ሦስቱ ጭራሽ አይነበቡም።

"ማነው የፋቀው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ዝጎ ነበር።"

ወረፋ የሚጠብቁት ሹፌሮች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። "እኔ አምንዎታለሁ አባባ። ሕጉ ግን ቁጥሩ የተፋቀ መኪና የተሰረቀ ነው ከሚለው ነው የሚጀምረው።" እስኪጣራ ግቢያቸው ውስጥ ትቆማለች ተባለ። ቁልፉን ተቀበሉኝ። በእግሬ ተመለስኩ።

ያ ጉድጓድ ጉድጓድ ያልኩት... ቁጥሩ ነበር።

ሚያዝያ 10

አልጸለይኩም። አፌ እምቢ አለ።

ሚያዝያ 14

ሽቦ ጋ ሄድኩ። ሰፈራችን ያለው መካኒክ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ስሙ ሽቦ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰማኝ፣ ሰማኝ፣ ከዚያ መፍቻውን አስቀምጦ ሆዱን ያዘ።

"ጋሼ! ሰው መኪና ሰርቆ ቁጥሩን ይፍቃል። እርስዎ ገዝተው ነው የፋቁት? ሌባ ራሱ ቢያይዎት ያዝንልዎታል እኮ!"

"ሳቅ አንተ።"

"ቆይ፣ ደግሞ ስቱኮ? መኪና እኮ ናት፣ የሳሎን ግድግዳ መሰለችዎት?"

ከዚያ ፊቴን አየና ወንበር ሰጠኝ። ፖሊስ ቁጥሩን በኬሚካል ያወጣዋል፣ መኪናዋ መጀመሪያ የተመዘገበችበት ቢሮም የሻጩ መኪና ናት ብሎ ማረጋገጫ ይልካል፣ ከዚያ አዲስ ቁጥር ይመቱላታል አለኝ። "ይፈታል ጋሼ። የሚያልቀው ግን መቼ እንደሆነ አይጠይቁኝ።"

እኔ የምጠይቀው እሱን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 28

ፖሊስ ጋ ላይ ታች ስል ሰነበትኩ። ኬሚካሉ ሁለቱን ቁጥር አወጣ። አንዱ እምቢ አለ። አጥብቄ ያሸሁት እሱ ነዋ።

የዚያኛው ክልል ቢሮ ሲደወል፣ "ፋይሉ እየተፈለገ ነው።" ባለፈው ሳምንትም እየተፈለገ ነበር። ቀያሹ ሻጭ ራሱ ቢሯቸው ሄዶ ተሟግቶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። "ወንድሜ፣ ለምን ነካካሃት? እኔ እኮ ሥሯን አይቼም አላውቅ" አለኝ።

ግንቦት 8

በአጥሩ ሽቦ በኩል አየኋት። ከሁለት የተጋጩ መኪናዎች መሐል አቁመዋታል። አቧራ ለብሳለች። በኋላ መስኮት ፍራሹ ይታያል።

ጥበቃው ለመደኝ። "ጋሼ፣ ዛሬም እስረኛ ጥየቃ?"

"ዛሬም።"

"ደህና ናት፣ ትበላለች ትጠጣለች" አለኝ። ክፋት የለውም። ግን ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ እንባዬ መጣ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር...

አምላኬ፣ ይኼን ብልሃት ማን አስተማረኝ ልበል? ለልጄ ብዬ ያማረ ነገር ልሥራ ስል፣ በገዛ እጄ መንገዷን ቀባሁት። ትዕቢት ነበረብኝ? ሳላውቀው? ወይስ የምወደውን ነገር ሁሉ ነክቼ ነክቼ ነው የማጠፋው?

ግንቦት 15

ልጄ ደወለች። የጭነት መኪናው ቅዳሜ ይወርዳል፣ ሹፌሩ ጋቢና ቦታ ይሰጣታል፣ ርዕሰ መምህሩም ፈቅዶላታል።

"ልውጣ አባዬ?"

ትናንት ፖሊሱ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል ብሎኛል። የጭነት መኪናው ደግሞ አምና ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ አድሯል።

"ቆይ ትንሽ ጠብቂ። በሚቀጥለው ሳምንት ትፈታለች።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ" አልኳት። እርግጠኛ ነኝ!... በምን አንደበቴ?

ግንቦት 24

ዘነበ። ጊዜው ሳይደርስ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩት። ቀጭን ዝናብ ነው፣ ያልፋል አልኩ። አላለፈም።

ግንቦት 26

ከመርማሪዋ ቢሮ አሁን መጣሁ። ለመንኳት። እኔ፣ በሰው ደጅ ቆሞ ለምኖ የማያውቅ ሰው።

"አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ። ሄጄ ልጄን አምጥቼ፣ እዚያው ቦታዋ ላይ መልሼ አቆማታለሁ። ከፈለግሽ መታወቂያዬን ያዢ፣ ቤቴን ያዢ።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "አባቴ፣ እኔም እናት ነኝ። ግን ይኼን በር ብከፍትልዎት ነገ ከበሩ ውጪ የምቆመው እኔ ነኝ።" ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት የዚያኛውን ቢሮ ስልክ ራሷ ደወለች። ጮኸችባቸው። አሁንም እየተፈለገ ነው።

ልቆጣት ፈለግኩ። ምን አድርጋኝ? እሷ አልፋቀችውም።

ሰኔ 3

ወንዙ ሞላ። የጭነት መኪናው ቆመ።

ሰኔ 11

ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። በሚኒባስ እስከ ወንዙ ድረስ ሄድኩ። ውሃው ቀይ ነው፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። የልጄ ባል ከማዶ በእጁ ምልክት ያሳየኛል፣ ድምፁን ውሃው ይበላዋል። ቀጥሎ እሷ መጣች። ጃንጥላ ይዛ፣ ሆዷን ቀድማ። እጇን አነሳች። እኔም አነሳሁ።

ያ ቦታ ነው። ያው ድንጋይ ላይ ነው የቆምኩት። ሁለተኛ ጊዜ።

ወደዚህ አትቅረቢ እያልኩ እጮሃለሁ። የምሰናበታት መስሏት ደግማ እጇን አውለበለበችልኝ።

ሰኔ 21

ስልኩ አይሠራም። ዝናቡ ነው ይላሉ። ትናንትም አልሠራም። የእናቷ ሻርፕ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ እሱን እያየሁ እውላለሁ። ሽቦ እራት ይዞ መጣና አብሮኝ ተቀመጠ። አንድም ቀልድ አልወጣውም። ምነው በቀለደ...

ሰኔ 24

ባሏ ደወለ። "አባቴ፣ ሴት ልጅ።" እናቷስ? አልኩት።

ብዙ ደም ፈሷታል። ጤና ጣቢያው ያለችው አንድ ነርስ ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ ከላይዋ አልተነሳችም። ልጄ አለች። ሁለቱም አሉ። ግን መነሳት አትችልም፣ ብቻዋን መቀመጥ አትችልም።

ስልኩን ሰጣት። ትንፋሿን ሰማሁ።

"አባዬ..."

"አቤት የኔ እናት።"

"ጠብቂ አልከኝ። ጠበቅኩህ።"

ተቆጥታ አልነበረም። ሕፃኗ አለቀሰች፣ መስመሩ ተቋረጠ።

ሰኔ 25

ተመስገን ማለት እፈልጋለሁ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ከዚህ በላይ ምን ትሻለህ እላለሁ ለራሴ። ቃሉ ደረቴ ድረስ ይመጣና ይቆማል። አምላኬ፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ እዚያው ካለበት ተቀበለኝ።

ሐምሌ 9

ማረጋገጫው መጣ። ፋይሉ ሌላ መደርደሪያ ላይ ነበር አሉ። ይኸው ነው? ይኸው ነው።

ሻንሲው ላይ፣ ከፋቅኩት ጎን፣ አዲስ ቁጥር መቱበት። እያንዳንዱን መዶሻ ቆሜ ሰማሁ። ሰሌዳ ሰጡኝ። መርማሪዋ፣ "እንኳን ደስ አለዎት" ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። "ልጅዎ እንዴት ናት?" አለችኝ። አለች፣ አልኳት። ጥበቃው በሩን ሲከፍት ባርኔጣውን አወለቀ።

ሽቦ ሰሌዳዋን አጠበቀልኝ። ቤት በር ላይ አቁሜያታለሁ። የትም አትሄድም። ወንዙ እስኪጎድል መንገድ የለም።

ነሐሴ 17

ሞተሯን አስነስቼ አጠፋሁ። ባትሪው እንዳይሞት።

መስከረም 22

ወንዙን ተሻገርኩ። ቀያሹ አልዋሸም፣ አትፈራም። ውሃው እስከ መርገጫው ብቻ ደረሰ። ያኔ የቆምኩበትን ድንጋይ በመስኮት አየሁት፤ ለካ ትንሽ ነው።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ግድግዳውን ይዛ። ከስታለች፣ ቀሚሱ ለብሷታል። አቀፍኳት። ልወስድሽ መጣሁ አልኳት። ፍራሹን አሳየኋት።

"አልወርድም አባዬ። ትምህርት ተከፍቷል። ለማን ትቼ?"

"እንዲህ ሆነሽ?"

"እንዲህ ሆኜ።"

አልተከራከርኩም። ስንት ወር ሙሉ ያሰብኩትን ነገር ሁሉ ዋጥ አደረግኩት። የሆነውን ላነሳ ነበር፣ እሷ ቀድማ ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ቀንም ሌትም አትተኛም፣ አያቷን ትመስላለች" አለች። የትኛውን አያቷን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እውነትም ስታለቅስ ዋለች። ማንም ሊያባብላት አልቻለም። ማምሻውን ግን መኪናዋን ከጥላው ላወጣት ሳስነሳ ዝም አለች። ሳጠፋ አለቀሰች። ሳስነሳ ዝም። ልጄ የኋላውን በር ከፍታ ሕፃኗን ይዛ ፍራሹ ላይ ወጣች፣ እግሯን ዘረጋች። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም አንቀላፉ። የትም አልሄድንም። ቆመን ነዳጅ እናቃጥላለን።

ወረድኩና ጎማዎቹን አየሁ። ከፊት በቀኝ በኩል በርከክ ብዬ ቁጥሩን አየሁት። ዙሪያውን ዝገት ጀምሮታል፣ ቀይ፣ ስስ፣ እንደ በርበሬ ብናኝ። ጣቴ ሄደ... መለስኩት። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከላይ በመስኮቱ ድምጿ መጣ፣ በእንቅልፍ ልብ።

"አባዬ፣ እንዳታጠፋው።"

"አላጠፋም፣ የኔ እናት። ተኚ።"