ገጪዋ መርከብና ያልተኮስኩት መድፍ

ሰኞ
ዛሬም ያሸነፈችልን ኒያኪም ናት! ተስፋዬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት። ይህን የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ ስልኩ ላይ ጭኜ ያስተማርኩት እኔ ሚስቱ ነኝ። ለእኔ አጨብጭቦ አያውቅም።

ኒያኪም ጀዊ የስደተኞች መጠለያ አብራው የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከተቀጠረች ገና ወሯ። ከሥራ መልስ እኛ ቤት ትመጣና ግቢያችን ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን ሦስታችን በአንድ ቡድን እንጫወታለን። እኔና ተስፋዬ በመድፍ ነው የምንዋጋው። እሷ ከፊቷ የብረት ቀንድ ያላትን ትንሽ መርከብ ይዛ እየገጨች ታሰምጣለች።

ማክሰኞ
የማስተምረው ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ገጪዋን ለብቻዬ ሞከርኳት። አምስት ጊዜ ሰመጥኩ። ፊት ለፊት ስሄድ ሳልደርስ በመድፍ ይጨርሱኛል። አንዴማ ደሴት ገጨሁ! የፊዚክሱ መምህር አይቶኝ ሳቀ።

ምሳ ሰዓት ለተስፋዬ ደውዬ፣ "ዛሬ ገጪዋን እኔ ልያዝ" አልኩት። "ተይ ራሄል፣ እሷን ለኒያኪም ተዪላት" አለኝ።

ረቡዕ
ባልጽፈው ይሻል ነበር።

ብናሸንፍ ደረጃ እናልፍ ነበር። ኒያኪም ትልቁን የጠላት መርከብ ገጨችው፤ ቀንዷ ተሰክቶ ቀረ። "ራሄል፣ ምቺው!" አለችኝ። መድፌ ጎርሷል። ጣቴ ከቁልፉ በላይ ነው። አልተኮስኩም። መርከቤን ዞር አደረግኳት።

ኒያኪም ሰመጠች። ተሸነፍን። "ኔትወርክ ነው" አልኩ። ተስፋዬ ወደ እሷ ዞሮ፣ "ምን አስቸኮለሽ?" አላት። "ይቅርታ፣ የእኔ ጥፋት ነው" አለች።

ደስ አለኝ። ለአምስት ደቂቃ ያህል።

ሐሙስ
አልመጣችም። ሁለታችን ተጫወትን፤ ቶሎ ተሸነፍን። ሙቀቱ ራሱ ያስለቅሳል። ለተስፋዬ ብነግረው ይንቀኛል። ባልነግረው ጥፋቱ በእሷ ላይ ተላክኮ ይቀራል። የሚገርመው፣ አሁንም እቀናባታለሁ።

ቅዳሜ
ገበያ ውስጥ ዓሣ ስትመርጥ አገኘኋት። ባጃጅ ፍለጋ አብረን ወጣን።

"የረቡዕ ለቱ የኔትወርክ ችግር አልነበረም። ሆን ብዬ ነው ያልተኮስኩት" አልኳት።

ዓሣዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። "አውቃለሁ። መርከብሽ ስትዞር አይቻለሁ። ኔትወርክ ቢጠፋ ትቆም ነበር።"

"ለተስፋዬ ለምን አልነገርሽውም?"

"ባልሽ ነው። እኔ በመካከላችሁ አልገባም" አለች። "ግን በጣም ተናድጄብሻለሁ።"

ከሰዓት እንድትመጣ ለመንኳት፤ መጣች። እሷ ባለችበት ለተስፋዬ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም ኒያኪምን ይቅርታ ጠየቃት። እኔን አላየኝም።

ኒያኪም ገጪዋን ሰጥታኝ የእኔን ባለ መድፍ መርከብ ያዘች። "ፊት ለፊት አትሂጂ። ነፋሱን ከኋላሽ አድርጊና በጎን ግቢ። ገጭተሽ እንዳትቆሚ፣ ወዲያው ወደ ኋላ ውጪ።" እንዳለችው አደረግኩ። አንድ አሰመጥኩ! ስወጣ ሁለተኛው መርከብ ሊመታኝ ሲል ኒያኪም በመድፏ ቀደመችው።

ስትሄድ እንደ ሌላው ጊዜ አልሳመችኝም፤ እጇን ብቻ ሰጠችኝ። ሰኞ ግን እመጣለሁ ብላለች።