በየፎቁ ያሉት በርጩማዎች

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እህቴ ስለምታስታምምሽ ተመስገን፤ እኛም ደህና ነን።

የተማሪዎች ምደባ በሰፈር ሆኖ የልጅ ልጅሽን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስለመደቧት፣ አስተማሪዋን እንዳታጣ ብለን ከድሮው ትምህርት ቤቷ አጠገብ ቤት ተከራየን። ጎረቤቶች ዕቃውን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አወጡልን፤ እግዜር ብድራቸውን ይክፈልልኝ። አሳንሰር ባይኖረውም ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ስትመጪ የምትተኚበትን አልጋ መስኮቱ ሥር ዘርግቼዋለሁ።

ከሥራ በተረፈኝ እንጨት ደግሞ በየፎቁ መታጠፊያ አንድ አንድ በርጩማ ሠርቼ አስቀመጥኩ። «አናጢው ደረጃውን ሳሎን አደረገው» ብለው ሳቁብኝ፤ አሁን ከገበያ ሲመለሱ ሁሉም ያርፉበታል። በራችን አጠገብ ባለው ላይ ግን ልጅቷ ማንንም አታስቀምጥም። «የአያቴ ነው» ትላለች።

አንቺን ያቆይልን፣
አናጢው ልጅሽ