ፑኝዶ መንገድ ላይ ያየሁት

መጋቢት 8 ቀን 1985

አውሬ ለማየት አይደለም የምሄደው! ማንም አልጠየቀኝም... ይወቁት ብዬ ነው። በዚህ ሐሩር፣ በዚህ ጉልበት፣ አውሬ ሊያይ ፑኝዶ የሚሄድ አለ? ልጄን መልአኩን ፍለጋ ነው። ድሬሰር ነው፣ ለስደተኛው ካምፕ መድኃኒት ይዞ ወጣ፣ ቀረ። የተሳፈረባት መኪና መንገድ ላይ ተተኩሶባታል ይላሉ። ማን ተኮሰ? ማን ሞተ? የሚያውቅ የለም። ቢሮ ብሄድ "ይጣራል እናቴ"። ልጄ ጠላ ነው እንዴ የሚጣራው?

ምራቴ ወለላ ትናንትም ራቱን ከድና አሳደረች። ጠዋት ለውሻ። ውሻው ወፈረ... ምን ልበላት?

መጋቢት 10

ሹፌሩ ፓል ሊወስደኝ እሺ አለ። "እማማ፣ አንተ ከኋላ ቁጭ በል።" አማርኛው ወንድ ያደርገኛል። ይሁን። እኔ ኑዌርኛ ብሞክር ምን አደርገው ነበር?

መጋቢት 11

ከፊት ኤልያስ የሚሉት ልጅ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ አውሬ ሊያይ የመጣ። እንዲህም ያለ ሥራ አለ! የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

ከአቦቦ ብዙ አልፈን ቆርኬ የሚሉት ቀንዳም አውሬ መንገዱን ሞላው። ወንዱ ጥቁር፣ ጆሮው ነጭ... የወልድያ ገበያ የተፈታ ነው የሚመስል። ፓል ሞተር አጠፋ። "ይዩ እናቴ! ይዩ!" ይላል ኤልያስ፣ እንባው ሊመጣ። ያምራል፣ ምን ይዋሻል። እኔ ግን ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

"ምን ይፈልጋሉ?"

"ጥንብ አንሳ።"

"አዋቂ ነዎት! እሱ ካለ አንበሳ ከሥሩ አይጠፋም።"

አንበሳ ነው እሱ ያማረው።

ከዛፎቹ ባሻገር አሞሮቹ ሲዞሩ አየሁ። አቁም አልኩ። ሣሩ ውስጥ ገባሁ። "አንበሳ አለ!" ይጮሃሉ። ይብላኝ! ከእኔ ምን ሥጋ ሊያገኝ?

ሽታው... ቀረብኩ። ቀንድ አየሁ። ቆርኬ ነው!

እልል አልኩ። በጥንብ ላይ፣ እልልታ።

ፓል መጥቶ ክንዴን ያዘ። "እማማ፣ ና።" ኤልያስ መነጽሩን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። ያኔ ነው የገባው።

መጋቢት 12

ልጄ ፑኝዶ የለም። ከነጭራሹ አልደረሰም።

ስንመለስ አሞራ በዞረበት ሁሉ ፓል ሳልነግረው ያቆማል። ኤልያስ ቀድሞኝ ይወርዳል። "ቆርኬ ነው፣ እናቴ።" ደግሞ ሌላ ቦታ፣ "ቆርኬ ነው።"

አንዱ ጋ ቆየ። ፓልን ጠራው። ሁለቱም ቆዩ። ልወርድ ስል ኤልያስ እየሮጠ መጣ፣ በሩን በእጁ ያዘው።

"ቆርኬ ነው" አለኝ። ዓይኔን አላየም።

እልል አላልኩም።

መጋቢት 15

አፌ ተያዘ። እኔ! ሰፈሬ ኒውላንድ ጉድ አለ።

ወለላ "እማዬ፣ መንገድ ላይ ምን አየሽ?" ትለኛለች።

ቆርኬ አልኳት። ብዙ ቆርኬ። እኔም ዓይኗን አላየሁም።

ይህን ስጽፍ ገና ጎህ አልቀደደም። ደጅ ሰው አለ... ብዙ እግር። ጎረቤቴ ደሞዝ ነው። "እትዬ ሙሉነሽ፣ እስቲ ብቅ ይበሉ።"

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ቀስ በሉ፣ ወለላ ተኝታለች... መጣሁ።