ማርሻሉና የሰሚራ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ

ሽማግሌ ሊመጣብን ነው! ጋሼ ወርቁ ከፊትዝሮይ ሰፈር ደውለው፣ «ነገ ከጋሼ ሁሴን ጋር በሰሚራ ጉዳይ ለቁም ነገር እንመጣለን» አሉኝ። ልቤ ዘለለ። ማን ይሆን ልጁ? ሰሚራን ብጠይቃት «ማም፣ ጀስት ዌይት» ብላ ሳቀች። ባሌ ጀማል ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስለ ድሮ አሜሪካ ወንጀለኛ አዳኝ ፖሊሶች፣ ስለ ፌዴራል ማርሻሎች ያነባል። ልጅህ ልትዳር ነው እኮ፣ ሰውዬ! መጽሐፉን ፊቱ ላይ ደፋው።

ለነገ፦ ምንጣፍ መጥረግ። ሥጋ ሬስኮርስ ሮድ ካለው ሥጋ ቤት። ሳምቡሳ። ትሩጋኒና ወዳለው መጋዘን ደውዬ የሥራ ሺፍቴን መቀየር።

እሑድ

ጉድ ፈላ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ልጃችሁን ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ ጋሼ ወርቁ።

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ «ለማን?» አልኩ።

«ለመንግሥት።»

ለካ ሰሚራ የዚህን የስደት አገራችንን የፌዴራል ፖሊስ መግቢያ ፈተና አልፋለች። እኔ እንደማልፈቅድ ስለምታውቅ ሽማግሌ የላከችብኝ ራሷ ናት! ያለ እናቴ ምርቃት አልገባም ብላለች። ሳምቡሳውን ያቀረብኩት ጥርሴን ነክሼ ነው። መልሴን በሚቀጥለው እሑድ አልኳቸው፤ ቀጠሮ መስጠት ወግ ነው። ጋሼ ሁሴን ሳምቡሳውን አድንቀው ሄዱ።

ማክሰኞ

ጀማልን ላለማናገር ምዬ ነበር፤ አባትና ልጅ መክረውብኛል። መጽሐፉንም ለካ እየተቀባበሉ ነው የሚያነቡት። አንዱ ማርሻል በባርነት የተወለደ ጥቁር ነበር አለኝ። የገዛ ልጁ የራሱን ሚስት ገድሎ ሲሸሽ፣ አባትየው የመያዣ ትእዛዙን ተቀብሎ ራሱ ሄዶ ያዘው፤ ለፍርድም አቀረበው።

«ምን ዓይነት አባት ነው?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ሌላ ሰው ቢሄድ በሕይወት ላይመለስ ይችላል ብሎ ይሆናላ» አለ ረጋ ብሎ።

ጥዬው ወጣሁ። ሥራ ላይ ካርቶን ስደረድር ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሐሙስ

ዕረፍት ነበርኩ። መጽሐፉን ገለጥኩት። እንግሊዝኛው ስለከበደኝ ፎቶዎቹን አየሁ፤ ሁሉም ሪዛም። ሰሚራ አጠገቤ ቁጭ ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ ተረጎመችልኝ። ያ ጥቁሩ ማርሻል ማንበብ አይችልም ነበር። ስለዚህ ትእዛዙን ያስነብብና የሚይዘውን ሰው ስም በቃሉ ያጠናል፣ በስህተት ሌላ ሰው እንዳይወስድ።

«ስሙን ሳያውቅ አይሄድም፣ ማም።»

አለቀስኩ። ሰሚራ ደነገጠች። ነገርኳት፦ ደሴ ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወንድሜን የወሰዱት ሰዎች ስሙን እንኳ አልጠየቁም። ሲፈልጉ የነበረው ሌላ ልጅ ነበር። ዩኒፎርም የምጠላው ለዚህ ነው፤ አንቺን ለብሰሽው ማየት ያስፈራኛል አልኳት። እጄን ያዘች። ከዚያ በአማርኛ «እኔ እጠይቃለሁ» አለች።

ዛሬ ሆዴ ባባ፤ ግን ደስ ብሎኛል። እንዲህ ቁጭ ብለን ካወራን ቆይተናል።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ዛሬም ቆሙ። «ተቀመጡ» አልኩ። እሺታዬ ገባቸውና ሳቁ። ጋሼ ወርቁማ «ጥሎሹን መንግሥት ያስብበታል» ብለው ቀለዱ። ጀማል ዓይኑን በመሀረብ ሲጠርግ አይቼዋለሁ፤ ጉንፋን ነው ይላል።

ሰሚራ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ምርቃት ከአፌ ጠፋ። የመጣልኝ ይህ ብቻ ነው፦

«የሰው ቤት ስትሄጂ አንኳኪ። ስም ጠይቂ። የወሰድሽውን ልጅ የት እንዳለ ለእናቱ ንገሪያት።»

እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለ ወንድሜ ይህንኑ ስትጠይቅ ኖራለች።

ጋሼ ሁሴን «አሚን» አሉ፣ ጋሼ ወርቁ «አሜን»። ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ግን ቀለል ብሎኛል።