አባትሽን የገደለው ሚስማር

ልጄ ሐመልማል፣

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፦ አባትሽን አረቄ አልገደለውም። ጻድቁ ተክልዬ በሰው አገር ይጠብቁሽ፤ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺም አይለዩሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ጣራው ዘንድሮም ያፈሳል። በአባትሽ ሱቅ አሁን የቻይና ጫማ ይሸጣል። አባትሽ የጫማ ሶል ሲመታ ሚስማሩን በከንፈሩ ይይዝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አንዱን ውጦት ነበር። ሐኪሙ፣ «ሚስማሩ አንጀቱን በስቶ ጉበቱ ውስጥ ገብቷል። ጉበቱ መግል ቋጥሯል። ባክቴሪያው የአፍ ነው፤ ጉበት ላይ እምብዛም አናየውም። መጠጥ የለበትም» አለኝ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ «ጉበት ነው አሉ? አረቄ ነዋ! ተደብቆ ሲጨልጥ ኖሮ!» ስትል ዝም አልኩ። አንቺ ሁልጊዜ የእሱ ልጅ ነበርሽ፤ እኔን ዞር ብለሽም አታዪኝም ነበር። ያን ቀን ግን «ለሰካራም አላለቅስም» ብለሽ ጭኔ ላይ ተደፋሽ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህም በሰደብሽው ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው በስልክ ስናወራ ልጅሽን «አያትህ ሰካራም ነበር» ስትዪው ሰማሁ። ልጁ ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እኔን ይቅር በዪ አልልሽም። አንድ ቀን ብቻ ቁጭ ብለሽ አልቅሺለት፤ ለልጁም እውነቱን ንገሪው። የወለድሽው ይባረክልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

ይህ ደብዳቤ በእኔ እጅ ከቆየ እቀደዋለሁ። ስለዚህ ነገ ይህን ወረቀት ተቀብላ፣ አንብባ የምትልክልሽ አክስትሽ እቴቴ ናት፤ «ወንድሜ ጠጥቶ አያውቅም» ስትል ከድንኳኑ ያስወጣኋት።

እናትሽ