ሁለተኛው ምስክር

ለምወድህም ለምናደድብህም ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ የተለወጠልህ መድኃኒት ያዘልህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጅህስ በሰላም ተገላገለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልህ ግን ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ፤ እርር ድብን ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ያናደዱኝ ወንድምህ ናቸው፣ ቄሱ። የቁምስናው ምእመን ሁሉ አባ ስለሚላቸው እኔም እህታቸው ሆኜ አባ ነው የምላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤታቸውን ስይዝ አንድ ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም ነበር፤ ያለፈው ማክሰኞ ግን አመለጠኝ። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

የዓይን ሐኪሙ ባለፈው ወር ቀኝ ዓይናቸው አልቋል፣ ግራውም ከስድስት ወር በላይ ለንባብ አይሆንም አላቸው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ስድስት ወር ይበቃኛል! ምን ይበቃቸዋል? አርባ ዓመት ቀድሰው በወጡ ቁጥር ካሜራ አንግተው ሠርጉን፣ ቀብሩን፣ የድልድዩን ሥራ፣ ጎርፉን ሲያነሡ የኖሩ ሰው ናቸው። የከተማዋን ታሪክ እጽፋለሁ ብለው ከየቤቱ የለቀሙት የድሮ ፎቶ ደግሞ ለብቻው ነው። ፎቶ የሚያጥቡበት ክፍል ከኩሽናዬ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የመድኃኒቱ ሽታ ምሳችን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ያጠቡትን ፊልም ከቅዳሴ ልብሳቸው ጎን በልብስ መቆንጠጫ ሰቅለውት አገኛለሁ።

ይሄን ሁሉ ችዬዋለሁ። ጨጓራዬን የሚልጠው ሕጋቸው ነው። በፎቶ ጀርባ ላይ የሰው ስም የሚጻፈው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላው ያለውን ሳይሰማ፣ ያንኑ ስም ሲጠሩ ብቻ ነው። ራሳቸው ቢያውቁት እንኳ አንድ ምስክር ናቸውና አይጽፉም። ሁለተኛ ያልተገኘለት ሁሉ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከተታል፤ እኔ ከገነት በር ውጭ ተራ የሚጠብቁ ነፍሳት እላቸዋለሁ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየሞቱ ነው፤ አባ ቀብረው ይመለሱና ዛሬ ደግሞ አንድ ምስክር ቀበርኩ ብለው ይተክዛሉ። በሕይወት ሳለ ለምን አልጠየቁትም ስላቸው፣ ጠይቄውማ ነበር፣ ሁለተኛ አጣሁ ይሉኛል። ኧረ ስንቱን ልቻል!

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ከቆርቆሮው አንዱን አወጣሁ። መርፌና ጨርቅ ይዞ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ያ ቀልደኛው ልብስ ሰፊ መሆኑን ማን ያጣዋል ብዬ ስሙን በእርሳስ ጻፍኩበት። በሳምንቱ ጡረታ የወጣው የድልድይ ጠባቂ መጥቶ አየውና፣ ሰፊው ግራኝ ነበር፣ ይሄ መርፌውን በቀኙ ነው የያዘው፣ ይሄማ በጎርፉ የሞተው ወንድሙ ነው አለ። አባ ላጲስ አምጥተው አጠፉት። የወንድምየውንም ስም ግን አልጻፉም፤ ጠባቂው አንድ ሰው ነዋ! እኔን ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ተሳስቻለሁ። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም።

ማክሰኞ ዕለት ቆርቆሮዎቹን ስወለውል ከታች አንዲት ትንሽ ፎቶ አገኘሁ። ሴት ናት። የድሮው ቤታችን በር ላይ ቆማ ሕፃን ታቅፋለች፤ በአንድ እጇ ፀሐዩን ከዓይኗ ትከላከላለች። ቤቱን በተሰነጠቀው መዝጊያ አወቅሁት። ማን ናት ብዬ ጠየቅኋቸው። ከእኔ በፊት የነበሩት ቄስ ያነሡት ነው፣ ከእናታችንና ከአክስታችን አንዷ ናት፣ የታቀፈችው አንቺን ነው አሉኝ።

ጋሼ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የእናታችን ፎቶ የለም እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ መልኳን አላውቀውም። አክስታችንም እናታችን ስትሞት መጥታ ያንኑ ልብሷን እየለበሰች ሁለት ዓመት አሳድጋኝ፣ ነፍስ ሳላውቅ ሞተች። ሁለቱ ቁርጥ አንድ ነበሩ ይባላል። ያን ጊዜ ነው አንተ ያልኳቸው። አርባ ዓመት እዚህ ቤት አስቀምጠህ እንዴት አታሳየኝም ብዬ ጮኽኩባቸው። አልተቆጡም። ካሳየሁሽ ትወጃታለሽ፣ በኋላ ሌላዋ ሆና ብትገኝ እንዴት አድርጌ እቀማሻለሁ አሉኝ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

እሳቸው የትኛዋ እንደምትመስላቸው ጽፈው ፖስታ ውስጥ አሽገውታል፤ ለእኔም አይነግሩኝም። እናታችን ስትሞት እሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አንተ አሥራ አራት ሞልቶህ ነበር። ከአንተ ሌላ በሕይወት ያለ ምስክር የለም። ለመሆኑ ከዓመታት በፊት ሁለት ጊዜ ግልባጩን ልከውልህ ነበር አይደል? መልሶችህን አውጥቼ አነበብኳቸው። ስለ ጫማ ቁጥር ጽፈሃል፣ ስለ አዲሱ አሠሪህ ጽፈሃል፣ ስለ ፎቶው አንዲት ቃል የለም። ምነው ጋሼ? እናታችንን ቀብረህ በወሩ ከቤት እንደወጣህ አውቃለሁ። ካመመህ አሞኛል በል፤ እንዴት ዝም ትላለህ?

ከዚህ በላይ የተሰረዙትን ሁለት መስመሮች ያስሰረዙኝ አባ ናቸው። ደብዳቤውን ካላነበብሽልኝ አይላክም ብለው ሲያዳምጡ ምስክሩን እየመራሽው ነው አሉኝ። የትኛዋ ብትሆንልኝ እንደምወድ ጽፌ ነበር።

ግልባጩን አብሬ ልኬልሃለሁ። አክስታችን ናት ብትለኝ እችለዋለሁ። ረስቻለሁ ብትለኝም እችለዋለሁ። ዝምታህን ነው የማልችለው። ደግሞ ፍጠን፤ ስሟን አባ በገዛ እጃቸው፣ እያዩ እንዲጽፉት እፈልጋለሁ።

ባለቤትህን እጅ ነሥታለች በልልኝ። ልጅህን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ፣ ሕፃኑንም ሳምልኝ። ብርድ ልብሱን የላከችልኝን ጎረቤትህን አመስግንልኝ። አባ በረከታቸውን ልከውልሃል። እኔም ተናድጄም ቢሆን ሰላም ብያለሁ። ይሄን እየጻፍኩ ሳለ ፎቶዋን ከፊቴ አቁሜያታለሁ፤ እሷም ሰላም ብላሃለች ብዬ እንዳልጽፍልህ፣ ማን ልበላት?

ታናሽ እህትህ
ከቁምስናው ቤት፣ ኩሽና
ዓርብ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን