እህቴ አለመታመሟን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልን ስለመጠየቅ

ለክብርት የመንገዱ ጥግ ፀጉር ቤት ባለቤት፣
ባሉበት፣

እጅግ ከባድ መርዶ ላረዳዎ ስለሆነ እባክዎ አስቀድመው ቁጭ ይበሉ፤ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ግን ባይሆን ይመረጣል። ሃያ አራት ዓመት በእናታችን እጅ እየተቀባና እየተበጠረ ያደገው፣ ስድስት ዓመት ደግሞ በሰው አገር ሻሽ ሥር ተሸሽጎ የኖረው የታላቅ እህቴ ፀጉር፣ ባደረበት ድንገተኛ መቀስ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም ወዳጅ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ በዚያው ቅጽበት፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ፀጉር ጋር ተደባልቆ በሰማያዊው የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ተፈጽሟል።

ይህን ካረዳሁ በኋላ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ያን ቀን ሲሠሩ አሁንም አሁንም እጅዎን ወገብዎ ላይ ሲጥሉ አይቼ አዝኜ ነበር። የመቀስዎን ጤንነት እንኳ አልጠይቅም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ደብዳቤውን በማያነቡት ቋንቋ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እኛም ቤትዎ የተቆረጥነው በማናውቀው ቋንቋ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቋንቋችንን የሚያነብ ሰው አይጠፋምና አንዱ ያስረዳዎታል። እኔ ልተርጉምልዎ ብዬ ከመጣሁ ግን በሩን ይዝጉብኝ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ወደ እርስዎ ዘንድ የመጣነው ለቀላል ጉዳይ ነበር። እህቴ ከስድስት ዓመት በኋላ የአሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ አግኝታ እናታችንን ልታይ ስለነበር፣ ፀጉሯ ታጥቦ ጫፍ ጫፉ እንዲስተካከልላት ብቻ ነው የፈለገችው። ከዚያ የሆነውን በቁጥር አቀርባለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ቁጥሩ ቢዛነፍ ይታገሡኝ።

አንደኛ፦ ማበጠሪያዎን ይመለከታል። የእኛ ፀጉር እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ነው፤ ውኃ አቅርበው፣ ቅባት አቅርበው፣ ከጫፍ ጀምረው ዳር ዳሩን እያሉ ነው የሚያግባቡት። እርስዎ ግን በዚያ እንደ ዓሣ አጥንት በደቀቀ ማበጠሪያ፣ ደረቁን፣ ከሥሩ ጀምረው ቁልቁል ሳቡት። ማበጠሪያው መንገድ ሳያጋምስ ቆመ። እርስዎ ዘንድ ማበጠሪያ ሲቆም ጥፋቱ የፀጉሩ ነው፤ እኛ ዘንድ የአበጣሪዋ ነው። በዚህች ትንሽ የአስተያየት ልዩነት የተነሳ መቀሱ ተጠራ።

ሁለተኛ፦ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። በቆረጡ ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ እህቴን እያዩ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ለእርስዎ ይህ ቀጥይ ማለት ነው። እህቴ ግን ያደገችው፣ ሰው ደክሞልሽ ሲሠራ ፊትሽን አታኮስትሪ፣ ይሉኝታ ይኑርሽ በሚባልበት ቤት ነው። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ራስ መነቅነቅ ማለት፣ ተጎድቻለሁ፣ ግን እርስዎን ከማሳፍር እኔ ልፈር ማለት ነው። በግራ ቆረጡ፤ ነቀነቀች። እኩል ይሁን ብለው በቀኝ ቆረጡ፤ ነቀነቀች። የቀኙ ስለበለጠ ወደ ግራ ተመለሱ፤ አሁንም ነቀነቀች። እንዲህ በመከባበር ብቻ ጆሮዋ ዘንድ ደረሳችሁ፤ እዚያም አልቆማችሁም። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ደግሞ ፀጉር የገባባት መስሎዎት በለስላሳ ብሩሽ ጠረጉላት፤ ስለዚህም እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛውን ለጊዜው እዘለዋለሁ፤ እኔን የሚመለከት ስለሆነ።

አራተኛ፦ ስለ ንጽሕናዎ ነው። እህቴ ከወንበሩ ሳትነሳ ወለሉን አይታ፣ አንተ ልጅ፣ ለእማዬ ልውሰድላት፣ በላስቲክ ታድርግልኝ በላት ብላ በሹክሹክታ ለመነችኝ። እኔ በእናንተ ቋንቋ ላስቲክን አውቀዋለሁ፤ እናትንም አውቀዋለሁ፤ ሁለቱን ምን ብዬ እንደማገናኛቸው ሳስብ እርስዎ ጠርገው ጨርሰዋል።

እንግዲህ ሦስተኛው የትም አይሄድልኝም። እህቴ የምትውለው ከማሽን ጋር ስለሆነ ቋንቋውን አልለመደችም፤ አስተርጓሚ ሆኜ የመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ቋንቋውን የተማርኩት ምግብ ቤት ሰሃን ሳጥብ ነው፤ የአትክልት ስምና ስድብ ሲሆን ማንም አይቀድመኝም። ለእህቴ ግን፣ ከእንግዲህ የአገሬው ሰው እኔን ነው የሚያስተረጉመው እያልኩ ስጎርርባት ነው የከረምኩት። መቀሱን ከማንሳትዎ በፊት ወደ እኔ ዞረው ረዘም ያለ ነገር ጠየቁኝ። እኔ በዚያ ሰዓት የፀጉር ማቅለሚያ ላስቲክ ቆብ ደፍቼ፣ ከእህቴ ጀርባ በመስታወቱ እንደ ዝንጀሮ እያሽሟጠጥኩ አስቃት ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ያዩኛል፤ አልገባኝም ማለት ሞት መሰለኝ። ለእርስዎ እሺ እሺ አልኩ። ለእህቴ ደግሞ፣ ጫፉን ነው የማስተካክለው የምትልሽ፣ አትፍሪ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገብቼ የተናገሩትን እንደ በቀቀን ለሼፉ ደገምኩለት። ለካ ያሉት፣ እንዲህ ያለ ፀጉር ሠርቼ አላውቅም፣ ማበጠሪያ አላሳልፍ ብሎኛል፣ በጣም ባሳጥረው ይሻላል ወይስ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ትወስዳታለህ ነበር። ሼፉ ምን ብለህ መለስክ አለኝ። ሰሃኖቹን ማጠብ ቀጠልኩ። ስለዚህ በሦስተኛው አቤቱታ የእርስዎ ጥፋት እኔን ማመንዎ ነው፤ እህቴም የሠራችው ያንኑ ጥፋት ነው።

ፀጉር ሄደ ተብሎ እንዲህ ያለ ለቅሶ ምንድን ነው ይሉ ይሆናል። እናታችን ዓይኗ ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗታል። የስልክ ደህንነት አይታመንም፣ ሰው አገር ያለ ልጅ ሲሞትም ደህና ነኝ ነው የሚለው ትላለች። ስለዚህ በየእሑዱ እህቴን የምትጠይቃት ስለ ፀጉሯ ነበር። ፀጉርሽስ? ደህና ነው እማዬ። አይረግፍም? አይረግፍም እማዬ። እንግዲያው ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ ማለት ነው ብላ ትመርቃታለች። የራሷ ታላቅ እህት በሽታ ጠንቶባት ፀጉሯ አልቆ ስለሞተች፣ ለእናታችን ከዚህ የበለጠ የሐኪም ወረቀት የለም።

እህቴ ሻሽ አስራ እናታችን ቤት ገባች። የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ስላላለቀ እዚሁ ቀርቼ ነበርና፣ ከእናታችን ጋር የምትኖረው አክስታችን እንድሰማ ብላ ስልኩን ከፍታ ያዘችልኝ። እናታችን አቅፋ አገላብጣ ከሳመቻት በኋላ ድምፅ ጠፋ። የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ እል ነበር፤ ለካ እጇ ሻሹ ሥር ገብቶ ነው። በመጨረሻ፣ ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ አለቻት። እህቴ አልታመምኩም፣ ፀጉር ቤት ሄጄ ነው ብላ ማለች። እናታችን ቀስ ብላ፣ ሰው ፀጉር ቤት የሚሄደው ፀጉሩን ሊያሠራ ነው እንጂ ሊያጣ ነው እንዴ፣ ዓይኔ ቢጠፋ አእምሮዬም የጠፋ መሰለሽ አለቻት።

እኔም በስልክ ማልኩላት፤ በአባቴ አጥንት ሳይቀር። ነገር ግን ክብርት ሆይ፣ እኔ በልጅነቴ እግሬ ተሰበረ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ አስለቅሼ፣ ማምሻውን ኳስ ስጫወት የተያዝኩ ሰው ነኝ። እናታችን፣ አንተ ስንቱን ዋሽተኸኛል፣ ይሄኛውን ግን ለእህትህ ብለህ ነውና አልቀየምህም አለችኝ። በሕይወቴ ያንን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አሥራ ሁለቱን ቀን እህቴ የከረመችው እንደ በሽተኛ ነው። ከአልጋ ስትነሳ ተይ ትባላለች፤ ባልዲ ስታነሳ ትቀማለች። የአሥራ ሁለት ቀን ወሬ ሊወራ ታስቦ፣ እናታችን አጠገቧ ተቀምጣ ትንፋሿን ስታዳምጥ ከረመች። ስትሸኛትም አንድ ነገር ብቻ አለቻት፤ እኔ ሳልቀድም እንዳትቀድሚኝ። አሁን በየእሑዱ ፀጉርሽስ አትልም። ሐኪሙ ምን አለ ነው የምትለው።

ስለዚህ የምጠይቅዎ የሚከተለውን ነው። በፀጉር ቤትዎ ማኅተም፣ በእጅዎ ጽሑፍ፣ የዚህችን ሴት ፀጉር የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ በሽታ አይደለም የሚል አንድ መስመር ይጻፉልን። አክስታችን በሚያውቅ ሰው አስተርጉማ ታነብላታለች። እኛን ልጆቿን አላመነችንም፤ የማታውቃት ሴት ግን ምን ብላ ትዋሻለች ትል ይሆናል። ከፈለጉ ጥፋቱ የአስተርጓሚው ነው ብለው ይጨምሩበት፤ እናታችን ከሁሉ ቀድማ የምታምነው ያንን ነው።

እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያስጨርስ አልነበረም። ፀጉር ነው፤ ይበቅላል፤ እስካሁን አንድ ጣት ያህል ደርሷል። ለሚቀጥለው ፈቃድ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀረው፤ ያኔ እናታችን ራሷ ዳስሳ ታምናለች። ሁለት ዓመት ደግሞ ለማንም ረጅም አይደለም፤ ዓይኗ ለጠፋ አሮጊት ትንሽ ይረዝም ይሆናል እንጂ። በጥቅሉ ትንሽ ነገር ነው።

ለጣቶችዎ ዕድሜ፣ ለወገብዎ ምሕረት እየተመኘሁ፣ መሬት እስክነካ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ከአስተርጓሚነት ሥራው በእህቱ ትእዛዝ የተሰናበተው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ማበጠሪያ

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ምን እንደምትሠራ ስላልጠየቁን ልንገርዎ፤ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ ናት። የእርስዎ ነጭ ፎጣዎች በየሰኞው ወደ እሷ ነው የሚመጡት፤ ትናንትም አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ልካልዎታለች። ማሽኑ አልለቅ ያለውን የቀለም እድፍ ጣቷ እስኪላጥ በእጇ ታሸዋለች፤ እስከ ዛሬ ግን አንዱንም በመቀስ አውጥታ አታውቅም።